የቀኙ ጉንጭ

ልብስ ሰፊዋን ያገኘቻት ጎረቤቷ ናት። ሰኞ ጠዋት ለማሳጠር የሰጠቻትን ቀሚስ ልትወስድ ሄዳ አንኳኳች፤ መልስ የለም። የስፌት መኪናው ድምፅም የለም። ያቺ ሴት ደግሞ በሥራ ቀን መኪናዋን አሳርፋ አታውቅም። ጎረቤቷ በሩን ገፋ ስታደርገው ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ። ጎረቤቷ ሻርፑን ገለጠችው። ጩኸቷ መንገድ ማዶ ያለው ጋራዥ ድረስ ተሰማ።

ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ሲደርሱ ሴትየዋን አምቡላንስ ወስዷታል። የቀረው ክፍሉ ነው። ኢንስፔክተሩ የወንጀል ምርመራን ባሕር ማዶ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ሁለት ነገር ለምዷል፤ የሚያየውን ሁሉ መጠራጠርና «ባለዲግሪው» ተብሎ መጠራት። ቅጽሉን ያወጣችለት ጡረታዋ የደረሰው ሳጅኗ ናት።

«ደም የለም» አለ። «የተገለበጠ ነገርም የለም።»

«ቡጢ ወንበር አይገለብጥም፣ ባለዲግሪው። የሚገለብጠው ሰውን ነው።»

«መስታወቱን ማን አዞረው?»

ደንበኞች ቀሚስ የሚለኩበት ረጅም መስታወት ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆሟል። ሳጅኗ ትከሻዋን ሰበቀች።

ጎረቤቷ ደጃፉ ላይ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። ጥያቄ አልጠበቀችም።

«ወንድሟ ነው! ሌላ ማን ይሆናል? አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ በዚህች ቤት ሰላም አልሰጣትም። ትናንት እሑድ መጥቶ ሲጮህ ነበር። ‹ሁለተኛ ይሄን ፊትሽን እንዳላየው› ሲል በዚህ በጆሮዬ ሰማሁት።»

«ፊቷ እንዴት ነበር?»

«ግራው… ከጉንጯ እስከ አፍንጫዋ ጠቁሯል። በሰም የተቀባ ይመስላል። ዓይኗም ክፍት ነው፤ ግን ወደኔ እያየች አታየኝም።»

«በጤናዋ ያየሻት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ጠዋት። ዘንጣ፣ ሽቶ ተቀብታ ስትወጣ ‹ሙሽሪት የት ነው?› ብዬ ቀልጄባታለሁ። ከተመለሰች ወዲህ ግን ደጅ አልታየችም።»

*

ወንድምየው ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ሊጥ ያቦካል። ፖሊስ ሲያይ እጁን ከሊጡ አላወጣም።

«ከሰሰችኝ?»

«ትናንት ምን አደረግካት?»

«እኔ? ጮህኩባታ። ስጮህ አድሬ ስጮህ ነው የምውለው፤ እነዚህን ጠይቋቸው።» አብረውት የሚሠሩት ሰዎች አቀርቅረው ሳቁ። «የቤቱን ነገር እንጨርስ ብዬ ሄድኩ። ፊቷን ተሸፋፍና ታናግረኛለች! ‹ወንድምሽን ፊት የምትነሺኝ ምን ብበድልሽ ነው?› አልኳት። ‹ሂድልኝ› አለችኝ። እኔም ተናድጄ ‹እንግዲያው ሁለተኛ እንዳላየው› አልኩ። ምነው፣ ምን ሆነች?»

ኢንስፔክተሩ ነገረው። ሰውየው እጁን ከሊጡ አወጣና የሚያደርግበት አጣ። በመጨረሻ ሽርጡን ገልቦ ዓይኑ ላይ ያዘው።

«አብረን እኮ ነው ያደግነው» አለ። «ቤቱን ትውሰደው።»

ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ሳጅኗ «አይዋሽም» አለች።

«ሻርፑ እሑድም ነበረ ማለት ነው። ነገሩ የደረሰው እሱ ከመሄዱ በፊት ነው።»

*

«ማንም አልመታትም» አለች ሐኪሟ። ወጣት ናት፤ እንቅልፍ ካየች የቆየች ትመስላለች። «አጥንቷ ደህና ነው። ቆዳው እየሞተ ያለው ከውስጥ ደም ስለቀረበት ነው። ፊለር ተወግታለች።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጉንጭ ለመሙላት፣ ከንፈር ለማወፈር፣ መሸብሸብ ለማጥፋት በመርፌ የሚገባ ዝልግልግ ነገር ነው። በቦታው ከገባ ደህና። የደም ቧንቧ ውስጥ ከገባ ግን ይወትፈዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥጋ ውኃ እንደተቋረጠበት ችግኝ ነው። የፊት ቧንቧ ደግሞ ከዓይን ቧንቧ ጋር ይገናኛል። የግራ ዓይኗ ጠፍቷል። ዓይን ደም ካጣ በደቂቃዎች ነው የሚሞተው፤ ለሱ ምንም ማድረግ አልችልም። ቆዳ ግን ትንሽ ይታገሣል።»

«ስለዚህ ይድናል?»

«የገባው ጄል ከሆነ ማሟሚያ መድኃኒት አለው። እዚህ የነበረችኝን ጥቂት በግምት ሰጥቻታለሁ፤ አልበቃም። ሲሊኮን ወይም ዘይት ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ውኃ ነው፤ አይነካውም። ሌላ ሆስፒታል ያለውን አምጡልኝ ስላቸው ‹ምን እንደገባ አረጋግጪ› ይሉኛል። ምን እንደገባ፣ ስንት እንደገባ፣ መቼ እንደገባ አምጡልኝ። ቶሎ። አለበለዚያ አፍንጫዋም ጉንጯም ይወድቃል።»

«እሷ ምን ትላለች?»

«ግቡና ስሙ።»

ልብስ ሰፊዋ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ኢንስፔክተሩ ሳይጠይቃት ጀመረች።

«እኔው ነኝ የወጋሁት። ማንንም አትድከሙ።»

«ከየት አገኙት?»

«ከገበያ።»

«ምን ይላል ላዩ ላይ?»

«መነጽሬን አላደረግኩም ነበር።»

«መነጽር ሳያደርጉ ፊትዎን ወጉ?»

«ልጄ፣ እኔ መርፌ ላይ ክር የማስገባው ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«ማሸጊያውስ የት አለ?»

«ጣልኩት።»

ሐኪሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እናቴ፣ አንዲት ቃል ይንገሩኝና ፊትዎን ላትርፍልዎት። አፍንጫዎ ይወድቃል እኮ።»

«ይውደቅ። ከእንግዲህ ማን ሊያጨኝ ነው?» አለችና በደህናው በኩል ፈገግ አለች።

ኮሪደሩ ላይ ልጇ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የውበት ሳሎን የደንብ ልብስ ለብሳለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ሳሎኑ ውስጥ የደንበኛ ጸጉር ታጥባለች።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ፣ እህቴ?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ሥራ።»

«ሙሉ ቀን?»

«ሙሉ ቀን፣ ጋሼ።»

ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን በክርኗ ነካ አደረገችው። «የውበት ሳሎን» አለች በሹክሹክታ። «ካልጠፋ ቦታ።»

*

የሳሎኑን ባለቤት ሁሉም ማዳም ይሏታል። ስትስቅም ስትቆጣም ፊቷ አንድ ነው፤ የምትቆጣ መሆኗ የሚታወቀው በድምፅዋ ነው። አሁን ተቆጥታለች፤ ሳጅኗ ከጓዳው ማቀዝቀዣ፣ ከወተትና ከጸጉር ቀለም መሃል፣ በፌስታል የታሰሩ ሲሪንጆች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስለዘረገፈች።

«ቫይታሚን ነው» አለች ማዳም።

«ይህቺኛዋ ተከፍታለች። ግማሿ አልቋል» አለች ሳጅኗ።

«የደንበኛ ናት። በአንዴ ስላላለቀ ለሌላ ጊዜ አስቀመጥንላት።»

«ለሷው ነው ወይስ ለምትቀጥለው?»

ማዳም ባዶውን ፌስታል አጣጠፈች።

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የእርስዎን ፊት ማን ነው የሚሠራው?»

«የቆዳ ሐኪም ነዋ!» አለች እንደተሰደበ ሰው። «እኔ መንገድ ዳር አላስወጋም። አልጋው ላይ ከመውጣቴ በፊት ፈቃዱን አያለሁ። እሽጉን ፊቴ ላይ ይከፍታል፤ ስሙንም የሚያልፍበትንም ቀን አነባለሁ። ማሟሚያው መድኃኒት መደርደሪያው ላይ መኖሩን በዓይኔ ካላየሁ ንክች አያደርገኝም። አንዴ ወግቶኝ ቦታው ነጭ ቢሆን፣ እዚያው አቁሞ አሟሟልኝ። ነጭ ከሆነ፣ ካመመ፣ ዓይን ከደበዘዘ ወደ ቤት አይኬድም፣ ጌታዬ።»

«ይህን ሁሉ ለደንበኞችዎ ይነግሯቸዋል?»

ማዳም ሲሪንጆቹን አየች። «እነሱ የሚጠይቁኝ ዋጋውን ነው» አለች።

«ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋን ወጉ?»

«ቅዳሜ? ቅዳሜ ሦስት ሙሽራ ነበረብኝ! ከንጋት እስከ ምሽት ከዚህ ወንበር አልተነሣሁም። ሙሽሮቹን ጠይቅ፤ ሚዜዎቹን ጠይቅ፤ ቪዲዮ ቀራጩን ጠይቅ። ያውም ጸጉር የሚያጥብ ሰው አጥቼ። ያቺው ልጅ ‹እናቴ ታማብኛለች፣ ላስታምም› ብላ ፈቃድ ወስዳ።»

«ቅዳሜ?»

«ከዓርብ ጀምሮ ነው የለመነችኝ። አሁን ሳስበው እውነቷን ኖሯል፤ ምስኪን።»

ኢንስፔክተሩ ተነሣ። ሲሪንጆቹ ተይዘው ሄዱ፤ ማዳምም ቀኗን ጠብቃ ልትጠየቅበት። ሙሽሮቹና ቪዲዮ ቀራጩ ግን የቅዳሜውን ነገር አንድ በአንድ አረጋገጡላት።

«እናትየዋ ዓርብ አልታመመችም» አለ መኪናው ውስጥ። «ቅዳሜ ጠዋት ዘንጣ ነው የወጣችው። ልጅቷ ያላመመ ሰው ልታስታምም ፈቃድ ወሰደች።»

«የት ወሰደቻት እንግዲህ?» አለች ሳጅኗ። «እናት ልጇን ወጊ ወዳለበት ብትወስድ ይገባኛል። ልጅ እናቷን? ያቺ ሴት እኮ ለፊቷ ቅባት እንኳ የላትም። ቤቷን አይተነዋል።»

ኢንስፔክተሩም ይህን ነበር የሚያስበው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው መስታወት የደንበኛ ነው። ለራሷ የተቀመጠ አንድም ነገር አላየም።

*

ሐኪሟ መብራቱን ወደ ፊቷ አቀረበች። ልብስ ሰፊዋ በማስታገሻ ተኝታለች።

«ይህን ያየሁት አሁን ሳጸዳት ነው» አለች። «የቀኙን ጉንጭ ይመልከቱ።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለ። እስካሁን ሁሉም የሚያየው ግራውን ነበር። የቀኙ ጉንጭ ሞላ፣ ለስለስ ብሎ የሃያ ዓመት ልጅ ጉንጭ ይመስላል። ከጎኑ አንዲት የመግቢያ ነጥብ ብቻ አለች።

«በዚህች ቀዳዳ ጫፉ ደነዝ የሆነ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ነው የሠራው። የለመደ እጅ ነው። አሁን ግራውን ይዩ። ስድስት፣ ሰባት ቦታ በስለታም መርፌ ተወግቷል፤ አንዱ ከአፍንጫዋ ሥር፣ ልክ ቧንቧው በሚያልፍበት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ሁለት ሰው።»

«ሁለት ሰው። ግን አንድን ፊት ሁለት ሰው ለምን ይሠራል?»

ኢንስፔክተሩ ቀና አለ። ባሕር ማዶ የጣት አሻራ ማንሳት ያስተማሩት ትዝ አለው። አንድ ሰው አመጡ፤ መምህሩ የቀኝ እጁን አሻራ አነሣና የግራውን ለሱ ተወለት። ‹ያየኸውን ድገም።›

«ለማስተማር» አለ።

ሐኪሟ መብራቱን አጠፋች።

«አሁን ማን እንደወጋት ባገኝ፣ ምን እንደገባ ብነግርዎት…»

«ጠዋት ቢሆን ኖሮ» አለች ሐኪሟ። «አሁን ዝልግልጉ ቢሟሟም የሚመለስ ሥጋ የለም። ነገ የሞተውን ቆርጬ አነሣለሁ። አፍንጫዋ አይተርፍም።»

«ለልጇ ነግረዋታል?»

«ልነግራት ነበር።»

«ትንሽ ይቆዩልኝ።»

ሐኪሟ ለምን እንደሆነ ገባት። ጓንቷን አውልቃ ጣለች።

*

ልጅቷ ከአግዳሚው አልተነሣችም። ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለጄሉ ማሟሚያ መድኃኒት አለ» አላት። «ሐኪሟ ከጠዋት ጀምሮ የጠየቀችን ምን እንደገባ ነው። የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ውሸቱ ያልተናገረው ውስጥ ነው።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ የካርቶን እሽግ አወጣችና ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ጄል ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ። እውነተኛ ነው፣ ጋሼ፤ ቀኑም አላለፈበትም።» ከዚያ በኋላ ቃሏ መቆሚያ አጣ። «ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስልጠና አለ። ማዳም ጋ ጸጉር ሳጥብ ልሞት ነው እንዴ ብዬ ተመዘገብኩ። ‹ቅዳሜ ተግባር ነው፤ ሁሉም የራሱን ፊት ይዞ ይምጣ› አሉን። የራሱን ማለት የሚለማመድበት ሰው ማለት ነው። ጓደኞቼን ለመንኩ፤ ሁሉም ፈሩ። እማዬ ማታ ሳለቅስ አየችኝ። ‹የኔ ፊት ምን ይሠራል፤ ተማሪበት› አለችኝ። መምህሩ ቀኙን ሠርቶ አሳየኝ። ግራውን እኔ ሠራሁ።»

«ችግር መኖሩን አላየሽም?»

«ነጭ ሆነ። አይቻለሁ። ‹መምህር፣ ነጣ› አልኩት። ‹የማደንዘዣው ቅባት ነው፣ እሺው› አለኝ። እሑድ ሲጠቁር ሆስፒታል እንሂድ አልኳት። ‹ሄደሽ ልትታሰሪ? ብትናገሪ የጠባሽው ጡት ይፍረድብሽ› አለችኝ።» እጅጌውን ያዘችው። «አሁን ይድናል አይደል? ነገርኩህ። ይድናል አይደል፣ ጋሼ?»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን አየ። ሳጅኗ በመስኮቱ ወደ ግቢው ታያለች።

*

በማግስቱ የሆቴሉ አዳራሽ በር ላይ ሲደርሱ የሌላ ዙር ተግባር እየተካሄደ ነበር፤ ከውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ኢንስፔክተሩ ከፈተው። የስብሰባ ጠረጴዛዎች ነጭ አንሶላ ለብሰው እንደ አልጋ ተደርድረዋል። በየአንዳንዳቸው ላይ ሰው ተኝቷል፤ እህት፣ አክስት፣ የልብ ጓደኛ። ከየአንዳንዳቸው ራስጌ ጓንት ያደረገች ሰልጣኝ ቆማለች። አንዷ ጨርሳ ነው የተጨበጨበላት።

መምህሩ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ሁለቱም ውጭ መማራቸውን ሲያውቅ ኢንስፔክተሩን እንደ ወንድም ትከሻውን ሊይዘው ቃጣ። ፈቃዱን አሳየው። ኢንስፔክተሩ በስልክ አጣራ። እውነተኛ ሐኪም፣ እውነተኛ ፈቃድ።

«የቀኝ ጉንጯን አይተኸዋል?» አለ መምህሩ።

«አይቻለሁ።»

«እንዴት ነው?»

«ቆንጆ ነው።»

«እንግዲህ የኔ እጅ ያረፈው እሱ ላይ ነው።»

«ግራውን እንድትወጋ ያዘዝካት አንተ ነህ።»

«መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው፣ ተማሪው ሰው ቢገጭ ይታሰራል?»

«ከጎኑ ተቀምጦ ከነበረ፣ አዎ። ማሟሚያው መድኃኒት እዚህ ነበር?»

«ለልምምድ መጠን አያስፈልግም።»

«ነጣ ስትልህስ?»

«ሴትየዋን ጠየቅኳ! ‹ያምሻል እናቴ? ይታይሻል?› አልኳት። ‹ኧረ ምንም፣ ደህና ነኝ› አለችኝ። እነዚህ ሁሉ ሰምተዋል።»

ሰልጣኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰምተዋል።

ኢንስፔክተሩ ስልጠናው መቋረጡን ተናገረ። ማጉረምረም ተነሣ፤ «ፈቃድ ያለው ሰው ነው፣ ምን አደረጋችሁ?» አለች አንዷ። ከኋላ በኩል ቅባት የተቀባች ሴት ከጠረጴዛው ላይ ቀና አለች። የቀኝ ጉንጯ ሞልቷል፤ የግራው ገና ነው።

«ይቅርታ፣ ጌታው» አለች። «ታዲያ የኔን ግራ ማን ይጨርስልኛል?»

*

መምህሩ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ በማግስቱ ከሰዓት ወጣ። ዐቃቤ ሕጉ እሽጉን፣ ፎቶዎቹን፣ የሰልጣኞቹን ምስክርነት አገላብጦ አየ። የወጋችው እጅ የማን ናት? የልጅቷ። ፈቃድ አላት? የላትም። አመነች? አመነች። ኢንስፔክተሩ ቢከራከር፣ ደጋግሞ ቢከራከር፣ «የመምህሩን ጉዳይ ወደ ሙያ ማኅበሩ እንጽፋለን» አለው። መምህሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ከተማ አዳራሽ መከራየቱን ሳጅኗ ሰማች። ነግራው ስታበቃ ባለዲግሪው ብላ አልጠራችውም።

ወደ ሆስፒታል የሄደው ብቻውን ነው። የልብስ ሰፊዋ ፊት ከመሃል ወደ ግራ በፋሻ ተጠቅልሏል። አፍንጫዋ ያለበት ቦታ ፋሻው ዝቅ ብሏል።

«ልጄስ?» አለች።

ደረጃውን ሲወጣ ያዘጋጀው ቃል ነበር፤ ጠፋበት።

«ጣቢያ ናት።»

አንሶላውን ወደ ላይ ሳበች።

«እኔ ነኝ ብዬህ አልነበር?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ምን ነበረበት ብታምነኝ?»

ኢንስፔክተሩ ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነርስ ገብታ መድኃኒት ሰጥታት ወጣች። መጠየቅ እንደሌለበት እያወቀ ልብስ ሰፊዋን ጠየቃት።

«ዓይንዎ መቼ ነው የጠፋው?»

«እዚያው። መርፌው ሳይወጣ። መብራት ጠፋ እንደማለት ነው።»

«ያን ጊዜ ቢናገሩ እኮ… መምህሩ ጠይቆዎት ነበር። ለምን ደህና ነኝ አሉ?»

ልብስ ሰፊዋ በቀረላት ዓይን ትኩር ብላ አየችው፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው ልጅ ያለው መሆኑን የምትመረምር ይመስል።

«ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ሰው አጨብጭቦላት አያውቅም» አለች። «ያን ጊዜ ሁሉም እያጨበጨቡላት ነበር።»